ከሦስት ቁጥር ኮምፒውተር የወጣው ጽሑፍ

«ለመሆኑ እንዴት እንደዚያ ታደርጊያለሽ?» ይሉኛል ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች። እኔም ዛሬ ሳስበው ራሴን እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በሰፈራችን እንደዚህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

ነኢማ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን የያዘች ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። በአጠገቤ አባቴ ሸምሱ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ይሸጣል። እኔ ሳልወለድ ነው ከስልጤ የመጣው። ቡራዩ በየሳምንቱ አዲስ ቤት ይሠራባት ስለነበር ሥራ አጥቶ አያውቅም። ሁለቱንም ክፍል ያከራዩን ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ዕቅድ ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል ተብሎ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ ዕቅዱ ቀርቷል ከተባለ በኋላም ነገሩ አልበረደም። አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ በማግሥቱ ይከፈታል። የስልክ ዳታ ይጠፋል፣ ይመጣል። የእኔ ቤት ኢንተርኔት በገመድ የሚመጣ ስለነበር ዳታ በጠፋ ቁጥር ሰው ወደ እኔ ይጎርፋል።

ሲቪ እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ አትማለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው «ፌስቡክ ክፈችልኝ፣ ኢሜይል አውጪልኝ» እያለ ነበር የሚመጣው። «የይለፍ ቃሉ ምን ይሁን?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «አንቺ እንዳሻሽ» ነው። ስለዚህ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል የራሱ ስምና ከስሙ ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነ። ሰው ስለሚረሳ ደግሞ ስሙን፣ መግቢያውንና የይለፍ ቃሉን በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ በተርታ እጽፈዋለሁ። ደብተሩን ሰው እንዳይወስድብኝ በሲባጎ ከጠረጴዛዬ ጋር አስሬዋለሁ። እንዳይሰረቅ እንጂ እንዳይነበብ አስቤ አላውቅም። የራሱ ስልክ ለሌለው ወይም ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ሰው፣ የማረጋገጫው መልእክት እንዲመጣበት የራሴን ስልክ ቁጥር አስገባለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ለደንበኛ አስቤ ነበር። ደግ ሥራ ነው የሚመስለኝ።

ኦቦ ገመቹም እንደዚያው ከከፈትኩላቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ሌንሴ የምትባል ልጃቸው ሞያሌ ነርስ ሆና ተመድባ እዚያው አግብታ ወልዳለች። የልጇን ፎቶ በፌስቡክ ትልክላቸዋለች፤ ደብዳቤም ትጽፍላቸዋለች። እሷ የምትጽፈው በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞን በላቲን ፊደል ነው። እሳቸው የተማሩት በግዕዙ ፊደል ስለሆነ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ በየቅዳሜው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» እላቸዋለሁ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደኅና ነኝ ልጄ። ያቺ ልጅ ምን አለች?»

እከፍትላቸዋለሁ፤ አነብላቸዋለሁ። ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ጮክ ብዬ ነው የማነበው። እሳቸው የሚመልሱትንም እየሰማሁ እጽፋለሁ። ስለ ልጁ ጥርስ ማብቀል፣ ስለ ሌንሴ የደም ግፊት፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ከባሏ ጋር ስለ ገባችበት ጭቅጭቅ፣ ያንን ሁሉ ሰው ባለበት ቤት ጮክ ብዬ አነብ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ገና ኮምፒውተሮቹን አብርቼ ሳልጨርስ፣ አባቴ ገባ። ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ይህን አንብቢልኝ» አለ። «ጎረቤት በብሉቱዝ ልኮልኝ ነው። እኔ ያነበብኩት ትክክል አልመሰለኝም።»

ከፌስቡክ ላይ የተነሣ ፎቶ ነው። ላይ የኦቦ ገመቹ ስምና ፊታቸው አለ። ፎቶውን ያነሣኋቸው እኔ ነኝ፤ ከኋላቸው የሱቄ ሰማያዊ ግድግዳ ይታያል። ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈው ግን የእሳቸው አይደለም። ከሌላ አገር መጥተው በከተማችን የሚነግዱ ሰዎች ሱቅ ሐሙስ ጠዋት ይቃጠላል ይላል። ቀጥሎ የአምስት ሱቅ ባለቤቶች ስም ተዘርዝሯል። ሁለተኛው «ሸምሱ ቆርቆሮ» ይላል፤ አባቴ ነው። አምስተኛዋ ፎቶ ቤት ያላት አስቴር የምትባል ሴት ናት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሙስ ማለት ነገ ነው።

«እሳቸው አልጻፉትም» አልኩ።

አባቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥራ አንድ አብረን ነበርን። መጋዘኔ ያፈስ ስለነበር መሰላል ይዘውልኝ ቆመው ቆርቆሮውን ስቀይር ዋልኩ። እንዲህ የሚያስብ ሰው መሰላል ይይዝልኛል?»

ይህን ብሎ ወዲያው ደግሞ «ሰው ግን ልቡ አይታይም» አለ። ያቺ ሁለተኛዋ ቃል ከመጀመሪያው ይልቅ አስደነገጠችኝ። አባቴ ሃያ አምስት ዓመት የሚያውቃቸውን ሰው በአንድ ፎቶ መጠርጠር ጀምሮ ነበር። ስልኩ ላይ ያለውን ያየ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ ገመትኩ። ወደ ውጭ ስመለከት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆች አልተከፈቱም።

ሦስት ሰዓት ገደማ የኦቦ ገመቹ ባለቤት አዴ ጫልቱ መጡ። ነጠላቸውን በእጃቸው ጨብጠዋል እንጂ አልለበሱትም።

«ወሰዱት» አሉኝ። «ጠዋት ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ፌስቡክ ላይ ጽፈሃል አሉት። እሱ እኮ ፌስቡክ አያውቅም፤ ፌስቡክ እዚህ አንቺ ጋ ያለው አይደለም እንዴ?» በጣታቸው ኮምፒውተሩን አሳዩኝ።

«እዚህ ነው፣ አዴ።»

«ታዲያ አንቺ ንገሪያቸዋ! ዓርብ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት። ለወንድሙ ልጆች መሬት ምስክር ነው። ዓርብ ካልቀረበ ምን ይሆናል?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሌላ ሰው የሠራው ክፉ ሥራ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አዴ ጫልቱ ያንን ሲሉኝ ነው ዓይኔ ደብተሩ ላይ ያረፈው። የኦቦ ገመቹን የይለፍ ቃል በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው እንኳ አያውቁትም። እኔና ያ ደብተር። ደብተሩ ደግሞ ሰው ኮፒ ሲያስደርግ ክርኑን የሚያሳርፍበት ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ማረጋገጫና ማስታወቂያ መልእክት በየቀኑ ስለሚጎርፍብኝ ማንበብ ትቼ ነበር። ወደ ታች ስፈልግ አገኘሁት፦ የገመቹ የይለፍ ቃል ተቀይሯል፣ እርስዎ ካልሆኑ ያሳውቁን ይላል። የገባው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስቴፕል እያደረግሁ ነበር። ስልኬ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። አላየሁትም።

አዴ ጫልቱን «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ ሰበታ ላሉት መምህሬ ደወልኩ። ቲቸር ታዬ ኮሌጅ ሳለሁ የኮምፒውተር ጥገና ያስተማሩኝ ናቸው። አንድ ጊዜ ስለ ኮምፒውተር ወንጀልና ስለ ግል መረጃ ሊያስተምሩን ሞክረው ግማሻችን ተኝተንባቸዋል። እኔም ከተኙት አንዷ ነበርኩ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳቸው።

«መልሶ ማግኛው የአንቺ ስልክ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው አካውንቱን ማስመለስ ትችያለሽ። ግን ስሚኝ፤ ጽሑፉን እንዳታጠፊው።»

«ቲቸር፣ ሰው እያየው እኮ ነው! ነገ ሱቅ ሊቃጠል ነው።»

«አውቃለሁ። ካጠፋሽው ሰውዬው ጻፈና አጠፋ ይባላል፤ ያልጻፈው መሆኑን የምታሳዪበት ነገር አይኖርሽም። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው። የወጣበትን ሰዓት አንሺ። ከየት ከየት እንደተገባ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ እሱን አንሺ። ከዚያ ለሰው እንዳይታይ ደብቂው። መደበቅና ማጥፋት ይለያያል።»

የይለፍ ቃል ረሳሁ አልኩት። ቁጥር በስልኬ መጣ፤ ገባሁ። ፎቶ አነሣሁ፤ ደበቅሁት። የመግቢያውን ዝርዝር ስከፍት ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ አንድ መግቢያ አለ።

«ቦታውን ተይው፤ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል» አሉ ቲቸር ታዬ። «ጠቋሚውን ስታስጠጊበት የኢንተርኔቱ አድራሻ ቁጥር ይወጣል። አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ከዚያ የእኔን ቤት መስመር አድራሻ እንዴት እንደማይ ነገሩኝና እሱንም አነበብኩ። አንድ ነው።

ሁለቱንም ደግሜ እንዳነብ አደረጉኝ። «ነኢማ» አሉ በመጨረሻ፤ «ጽሑፉ የወጣው ከአንቺ ቤት ነው።»

ማን በስንት ሰዓት የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደተቀመጠ የምመዘግብበት ሌላ ወረቀት ነበረኝ። ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አምስት እስከ ዘጠኝ ከሃምሳ ተይዞ የነበረው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ስም አልጽፍም። ማን እንደነበር ግን አልጠፋኝም። ዳዊት የሚባል የመሬት ደላላ ነው፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ጃኬት የሚለብስ፣ «እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» ሳይል የማይገባ። በዚያን ቀን የሽያጭ ውል አትሞ፣ ኮፒ አስደርጎ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ ሲያወራኝ ነበር።

ወደ አዴ ጫልቱ ዞሬ ጠየቅኋቸው። «ዓርብ ምስክርነቱ በማን ላይ ነው?»

«በዚያ በደላላው። የልጆቹን መሬት ለሦስት ሰው የሸጠው እሱ አይደል?»

ለቲቸር ታዬ ይህንኑ ስነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሦስት ቁጥርን ዛሬ አብርተሽዋል?» የሚል ነበር። አላበራሁትም ነበር።

«እንዳትነኪው። ሰውዬው ውሉን ያወጣበትን ኢሜይል ሳይዘጋ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ገብተሽ ላንብብ እንዳትዪ። ያኔ አንቺም የሰው መልእክት ከፈትሽ ማለት ነው፤ ደግሞም በነካሽው ቁጥር ሰዓቱና መዝገቡ ይቀየራል። ሶኬቱን ንቀዪና እንዳለ ለፖሊስ ስጪ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለማየት በጣም ነበር የፈለግሁት። ያንን ኮምፒውተር አብርቼ ምን እንዳለው፣ ለማን ምን እንደጻፈ ማየት። ሶኬቱን ነቅዬ ገመዱን ጠቀለልኩት።

ይህን ሁሉ አባቴ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አዴ ጫልቱ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ሊነግሩ ሲወጡ ገባና በሩን ገጠም አደረገው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጣቢያ ልሄድ ነው።»

«ሄደሽ ምን ትያለሽ? የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ጽሑፉም ከቤቴ ወጣ ልትዪ ነው? በዚህ ጊዜ? ደላላውን ትተው አንቺን ነው የሚያስሩት።»

«ሊያስሩኝ ይችላሉ።»

«ደብቀሽዋል አይደል እንዴ? ከአሁን በኋላ ማንም አያየውም። እሳቸውም አንድ ሁለት ቀን ቆይተው ይፈታሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ማን ምን ያደርጋቸዋል?»

«አባ፣ ፎቶው በየስልኩ አለ። ነገ ሰው የሚነሣው በእሳቸው ስም ነው። እኔ ዝም ካልኩ እሳቸው እንዳልጻፉት የሚያውቅ ማን አለ?»

አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም፤ በዚያን ቀን ግን ጠረጴዛውን መታው። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ!» አለ። ወደ ሱቁ ሄደ፤ በሩን ሲቆልፍ ሰማሁ። ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ለጁምዓ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል።

«ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የት እንደነበሩ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። «ይቃጠላል ከተባሉት አንዱም እኔ ነኝ። እኔ ከተናገርኩ ይሰሙኛል። ደብተርሽን ያዢ።»

ሲባጎውን በመቀስ ቆርጬ ደብተሩን ያዝኩ።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። መርማሪው ሳጅን እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። መጀመሪያ አባቴ ተናገረ። ሳጅኑ ስሙን በዝርዝሩ ላይ ፈለገና አገኘው፤ ቀና ብሎ አየው።

«ሱቅህን አቃጥላለሁ ላለ ሰው ነው የምትመሰክረው?»

«እሳቸው አላሉም። በዚያ ሰዓት መሰላል ይዘውልኝ ነበር።»

ቀጥሎ እኔ። ደብተሩን ዘርግቼ፣ በስልኬ ያለውን መልእክትና ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አሳይቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«እንግዲህ» አለ፤ «የይለፍ ቃሉን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«የተጻፈው በአንቺ ኮምፒውተር ነው።»

«አዎ።»

«መልሶ ማግኛው ስልክ የአንቺ ነው፤ ዛሬ ጠዋትም ገብተሽበታል።»

«አዎ፣ ገብቻለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ያልጻፍሽው ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«ሦስት ቁጥርን ይክፈቱት» ነው ያልኩት። «እኔ አልነካሁትም። ዳዊት እዚያ ላይ የራሱን ውል አትሟል።»

በዚያው ቀን ኮምፒውተሩን ሄደው አሸጉና አመጡት። እኔንም አቆዩኝ። አባቴን ግን «አንተ ሂድ» አሉት። ከግቢው ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

ሐሙስን ያሳለፍኩት ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። አንዷ ከአምቦ መንገድ ላይ ጭስ ይታያል አለች። የአባቴ ሱቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። አዴ ጫልቱና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ማለዳ ተነሥተው፣ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ባለ ሱቆች ደጃፍ ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። አዴ ጫልቱ ራሳቸው የተቀመጡት አባቴ ሱቅ በር ላይ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ጭሱ ከመንገዱ ላይ ከተቃጠለ ጎማ ነበር። ወጣቶቹ በጩኸት ሲመጡ አዴ ጫልቱ አልተነሡም።

«ገመቹ አልጻፈውም!» አሏቸው። «የጻፈው መሬታችሁን የሚሸጠው ሌባ ነው። አምናችሁት የእሱን ሥራ ልትሠሩለት ነው?»

ልጆቹ ብዙዎቹ ኦቦ ገመቹ ስም ያወጡላቸው፣ አባቶቻቸውን ያስታረቁላቸው ናቸው። ቆመው ተነጋገሩና አለፉ።

ነገር ግን ሽማግሌዎቹ አምስቱም ጋ አልደረሱም። የአስቴር ፎቶ ቤት ራቅ ብሎ ስለነበር እዚያ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። መስታወቱን ሰበሩት፤ ካሜራዋን ወሰዱት። አስቴር ረቡዕ ማታ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ዘመዶቿ ጋ ሄዳ ነበር። ተመልሳ አልመጣችም። ጽሑፉ ውሸት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደውዬላት ነበር። «ውሸት ነበር እኮ፣ አስቴር» አልኳት። «መስታወቴ ግን የእውነት ነው የተሰበረው» አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳጅኑ አስጠራኝ። ኮምፒውተሩን የመረመረ አንድ ባለሙያ አጠገቡ ነበር። የማክሰኞ መዝገብ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ዳዊት በራሱ ኢሜይል ገብቶ ውሉን አውርዶ አትሟል። ያወረደው ውል ስሙን እንደያዘ እዚያው ቀርቷል። ኢሜይሉ ሳይዘጋ፣ ኮምፒውተሩም ሳይጠፋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ በኦቦ ገመቹ ስም ተገብቷል።

«ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር» አለ ሳጅኑ። «‹እኔ ተነሥቼ ሌላ ሰው ተቀመጠ› ማለት ይችላል። ግን እሱ እንደዚያ አላለም። ‹በዚያ ሳምንት እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም› አለ። ውሉ ግን ማክሰኞ እዚያ ቤት እንደነበረ ያሳያል።»

ተፈታሁ። ኦቦ ገመቹ የተለቀቁት ቅዳሜ ነው። የዓርቡ ቀጠሮ አለፋቸው። ፍርድ ቤቱ ሌላ ቀን ሰጣቸውና መሰከሩ፤ ልጆቹም መሬታቸውን አላጡም። ዳዊት በሁለቱም ነገር ተከሶ ተፈረደበት።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ከስተዋል። አባቴን አቅፈው ለረጅም ጊዜ ያዙት። ወደ እኔ ሲዞሩ ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

«ያ ሰው» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «በእኔ ስም ሲገባ የሌንሴን ደብዳቤዎች አይቷቸዋል?»

ልዋሽ አሰብኩ። «ሊያያቸው ይችላል፣ ኦቦ። ሁሉም እዚያው ነው ያለው።»

«የባሏንም ነገር?»

«አዎ።»

አንገታቸውን ደፉ። ሦስት ቀን ስለ መታሰራቸው አንድ ቃል አላነሡም። «ለአባቷ ብላ እኮ ነው የጻፈችው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጣ አዩኝ። «ለመሆኑ ይህ ሰው እኔ ደብዳቤ እንዳለኝ በምን አወቀ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በየቅዳሜው ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምቶ ነው። ውል ሊያሳትም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ነበር። እኔ ማስረጃ ይዤ ጣቢያ ስሄድ የማስበው ስለ ደብተሩ ብቻ ነበር። የልጅቷን ምሥጢር ለሰው ሁሉ ከዳዊት በፊት ያሰማሁት እኔ መሆኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልታየኝም። ይቅርታ ጠየቅሁ። «እሺ» አሉኝ፤ ግን ለስምንት ወር ሱቄን አልረገጡም። ኪራዩን እንኳ የሚቀበሉት ከአባቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። በደብተሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ሰው ጠራሁ። ያልመጣውን ቤቱ ድረስ ሄድኩ። የራሱን የይለፍ ቃል ራሱ እንዲጽፍ አስቀምጬው እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አንዳንዱ ሳቀብኝ፤ አንዳንዱ «አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» ብሎ ተቆጣ። ከሁሉም ላይ ስልክ ቁጥሬን አወጣሁ። ኮምፒውተሮቹን ሰው በተነሣ ቁጥር መዝገባቸውን እንዲያጠፉ፣ የተከፈተውን ሁሉ እንዲዘጉ አደረግሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ሰበታ እየሄድኩ ቲቸር ታዬ ዘንድ እንደገና ተማርኩ። በዚህ ጊዜ አልተኛሁም። ኦቦ ገመቹ ተመልሰው ሲመጡ ሌንሴ ድምፅዋን ቀድታ መላክ ጀምራ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ይሰሙታል፤ እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት «እኔ የሚደበቅ ነገር የለኝም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኦቦ ገመቹም አልነበራቸውም። የእናንተ ስምና ፎቶ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚጎዳው እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ የጻፈላችሁም፣ ስሙ በእናንተ ስም ሥር የተጻፈበትም ይጎዳል። የይለፍ ቃላችሁን ለምታምኑት ሰው እንኳ አትስጡ፤ ሰውየው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን እንደ እኔ ቸልተኛ ሊሆን ስለሚችል ነው። በስማችሁ ያልጻፋችሁት ነገር ከወጣ ደግሞ ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ ሰዓቱን ያዙ፤ ለሚመለከተው አሳዩ። እኔ ይህን ያወቅሁት በሰው ላይ ተምሬ ነው።

አሁን ሱሉልታ ነው የምኖረው። ስልክ እጠግናለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ሴት የባሏን ስልክ ይዛ መጣች። የተቆለፈ ነው። ክፈችልኝ አለችኝ።

«እሱ ራሱ ይምጣ» አልኳት።

«ባሌ እኮ ነው! አንቺ ሴት አይደለሽም እንዴ? ስሜቴ አይገባሽም?»

ይገባኛል አልኳት፤ ግን አልከፍትም አልኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስልኩን ከጠረጴዛዬ ላይ ነጥቃ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ሌላ የስልክ ቤት አለ። እዚያ ስትገባ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አየኋት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣች። በር ላይ ቆማ ስልኩን እያየች ነበር፤ ሚኒባስ መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋባት እንኳ ቀና አላለችም። ምን እያነበበች እንደነበር አላውቅም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።